ድራፍት ለሊጋችን አይሆንም፤ ታዳጊን በወረቀት መያዝ ግን የግድ ነው

ጥያቄ፦ «አራት ሆነን ስታዲየም ዙሪያ ካለ ካፌ እየተገናኘን የምንከራከር የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ነን። አንዱ ጓደኛችን ብዙ ዓመት ቶሮንቶ ኖሮ የመጣ ነው፤ የበረዶ ሆኪ ነፍሱ ነው። እዚያ ሊጉ ወጣቶችን ለክለቦች በድራፍት ያከፋፍላል፣ የመጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ እኛም ሀገር ይህ ቢጀመር ገንዘብ ያለው ብቻ አይነግሥም ይላል። አንዳችን ተስማምቷል፣ ሁለታችን ጭራሽ አይሆንም ባዮች ነን። በዚህ ላይ ደርቢው እየደረሰ ነው። ከጊዮርጊስ ጋር ስንገናኝ በፊርማ ገንዘብ የመጡትን አስቀምጠን የተስፋ ቡድኑን ልጆች እናሰልፍ፣ ብንሸነፍም ለነገ ይጠቅመናል የሚል ሐሳብም ተነሥቷል። ባለሙያ ምን ይላል?»

ምላሽ፦ ድራፍቱ ለእኛ ሊግ አይሠራም። በደርቢ የተስፋ ቡድኑን በሙሉ ማሰለፍም ስህተት ነው። ሁለቱ ሐሳቦች የመጡት ግን ከእውነተኛ ችግር ነው፤ ልጆች እናሳድጋለን፣ አንይዛቸውም። ስለዚህ «አይሆንም» ብዬ ከማለፍ ችግሩ የት እንዳለ ላሳያችሁ።

ከሆኪው ልጀምር፤ የዚያ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጓደኛችሁ የሚነግራችሁ በከፊል ልክ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ያሉት 32 ክለቦች በየዓመቱ ውድድሩ ሲያልቅ በ7 ዙር ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ሲደመር 224 ልጅ መሆኑ ነው። ለመመረጥ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። የተመረጠው ልጅ በማግሥቱ ማሊያ ለብሶ ሜዳ የሚገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እንዲያ አይደለም። ክለቡ ያገኘው ከልጁ ጋር ብቻውን የመደራደር መብት ነው። አብዛኞቹ ወደነበሩበት የወጣት ቡድን ወይም ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ይበስላሉ፤ ዋናውን ሊግ ሳይረግጡ የሚቀሩትም ጥቂት አይደሉም።

ልክ ያልሆነው «የመጨረሻው መጀመሪያ ይመርጣል» የሚለው ነው። ቡድኖች ሆን ብለው እየተሸነፉ ግርጌ መቀመጥን እንደ ስልት ስለያዙት ከ1995 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በዕጣ ይወጣሉ። አሁን ባለው ደንብ የመጨረሻ ሆኖ የጨረሰ ቡድን አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። ቀሪው ዕድል የሌሎች ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የባፋሎ ክለብ ታሪክ ነው፤ ለደርቢያችሁም ስለሚጠቅም ትንሽ ልቆይበት። በ2014–15 የውድድር ዓመት ኮነር ማክዴቪድ የሚባል ልጅ ለምርጫ ሊቀርብ ነበር፤ እንዲህ ያለ ተጫዋች በብዙ ዓመት አንዴ ነው የሚወጣው ተብሎ የተነገረለት። ማርች ላይ ባፋሎ በገዛ ሜዳው አሪዞናን ገጠመ፤ ሁለቱም ግርጌ ላይ ናቸው። ጨዋታው 3 ለ 3 ሆኖ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። አሪዞና አስቆጥሮ ሲያሸንፍ ከባፋሎ ደጋፊዎች ብዙዎቹ ጨፈሩ። ቡድናቸው ተሸንፎ፣ በራሳቸው ሜዳ። ከተጫዋቾቹ መካከል ነገሩ እንዳሳዘናቸው በይፋ የተናገሩ ነበሩ። ባፋሎ እንደተመኙለት የመጨረሻ ሆኖ ጨረሰ፤ ዕጣው ሲወጣ ግን ማክዴቪድን ኤድመንተን ወሰደው። ባፋሎ በሁለተኛ ተራው ጃክ አይክልን መረጠ። አይክል በ2021 ወደ ላስ ቬጋስ ተዛውሮ በ2023 ዋንጫውን እዚያ አነሳ። ባፋሎ ግን ከ2011 በኋላ ለብዙ ዓመታት የጥሎ ማለፉን በር ሳይረግጥ ኖረ። ሽንፈትን የለመደ ቡድን አንድ ጎበዝ ልጅ ስለመጣለት አይድንም። ልጁ የሚገባው ማሸነፍ ወደተረሳበት መልበሻ ክፍል ነው፤ የሚያስተምረው የለም።

ኤድመንተንንም እዩት። በ2010፣ በ2011 እና በ2012 በተከታታይ አንደኛውን ምርጫ አግኝቶ እስከ 2017 ድረስ ጥሎ ማለፍ አልገባም። በተቃራኒው ዲትሮይት በ1989 ኒክላስ ሊድስትሮምን የወሰደው በ53ኛ፣ በ1998 ፓቬል ዳትሱክን በ171ኛ፣ በ1999 ሄንሪክ ዜተርበርግን በ210ኛ ተራ ነው። ሊድስትሮም አራት ዋንጫ አንሥቷል፤ ሁለቱ ልጆችም በ2008ቱ ድል ላይ የቡድኑ ምሰሶ ነበሩ። ልዩነቱ ሌላው ባላየበት ቦታ፣ ስዊድንና ሩሲያ ድረስ፣ ሰው አስቀምጦ ማየት ነው፤ ከመረጡ በኋላም በትዕግሥት ማሳደግ ነው። ጓደኛችሁ የሚወደው ስፖርት የሚያስተምረን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ገንዘብ ያለው ብቻ እንዳይነግሥ ያደረገውም ድራፍቱ ብቻውን አይደለም። ሊጉና ተጫዋቾቹ ሳይስማሙ የ2004–05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ በ2005 የደመወዝ ጣሪያ ገባ። ሀብታሙም ድሀውም ክለብ ከአንድ መጠን በላይ ለተጫዋች መክፈል አይችልም። እኩልነት ከሆነ የምትፈልጉት ክርክራችሁን ወደዚህ አዙሩት፤ የእኛም ፕሪሚየር ሊግ የክለቦችን ወጪ የሚገድብ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው እንዲከበር፣ ከጠረጴዛ ሥር የሚሰጥ ገንዘብ እንዲቆም መጮህ ድራፍት ይምጣ ከማለት ይበልጥ ፍሬ አለው።

ድራፍቱ እዚያ ሠርቶ እዚህ የማይሠራበትን ምክንያት ለመረዳት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከ1963 በፊት የሆኪ ክለቦች የወጣት ቡድኖችን በገንዘብ እየደገፉ ልጆቹን ገና በታዳጊነታቸው ያስሩ ነበር። ድራፍቱ በዚያ ዓመት ሞንትሪያል ላይ የተጀመረው ያንን ለማስቀረት ነው። ልጅን የማሳደጉ ሥራ ራሳቸውን ችለው በሚተዳደሩ የወጣት ሊጎች፣ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች እጅ ሆነ፤ ክለቡ ያደገውን መርጦ ይወስዳል። ሊጉ ዝግ ነው፤ የሚወርድም የሚወጣም የለም፤ የመጨረሻ መሆን የሚያሳፍር እንጂ የሚያጠፋ አይደለም። ደንቡን ደግሞ የተጫዋቾች ማኅበር ተደራድሮ ፈርሞበታል። የልጆቹ ዕድሜም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ተመዝግቧል።

ወደ እኛ ስትመጡ አንዱም የለም። ሊጋችን ክፍት ነው፤ ከታች የሚመጣ ክለብ ገንዘብና ጥሩ አሰልጣኝ ካለው ወዲያው ሊነግሥ ይችላል። ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016፣ ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ባለ ሊግ ግርጌ ላይ ሆኖ የነገን ልጅ መጠበቅ መውረድ ነው። የወረደ ክለብ ደግሞ ስፖንሰሩን፣ ተመልካቹንና የተሻሉ ተጫዋቾቹን አብሮ ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ድራፍቱ ላይ የሚቀርቡት ልጆች እነማን ናቸው? እኛ ሀገር ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ እግር ኳስ ተጫዋች የለም ማለት ይቻላል። ያሉት በክለቦች የተስፋ ቡድን፣ በኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚና በመሰል ማዕከላት፣ በየክፍለ ከተማው ባሉ ፕሮጀክቶች የሚሠለጥኑት ናቸው። ቡና ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገውን ልጅ 18 ሲሞላው ወደ ዕጣ ሳጥን ክተት፣ የመጨረሻው ቡድን ይውሰደው ብትሉት ክለቡ በማግሥቱ ምን ያደርጋል? የተስፋ ቡድኑን ይዘጋል። ለሌላ ክለብ ልጅ የሚያሳድግ የለም። አሁንም ቢሆን በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የታዳጊዎቹ ትራንስፖርትና ምግብ ነው፤ ድራፍት ቢመጣ ለመቁረጥ ምክንያት እንኳ መፈለግ አያሻም። በእግር ኳስ የሞከሩትም ይህንን አይተዋል። ደቡብ ኮሪያ ለብዙ ዓመታት ድራፍት ከያዘች በኋላ ቀስ በቀስ እያነሣች በፈረንጆች ከ2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ትታዋለች። በአሜሪካው የእግር ኳስ ሊግ ድራፍቱ እስካሁን አለ፤ ክለቦቹ የራሳቸው አካዳሚ ያፈራውን ልጅ በቀጥታ እንዲያስፈርሙ ከተፈቀደ ወዲህ ግን ክብደቱ በጣም ቀንሷል። ሁለቱም ጋ ልጅ ማሳደግን የክለቡ ሥራ ማድረግ ሲፈለግ ድራፍቱ ቦታ መልቀቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ራሳችን ቁስል እንምጣ። እግር ኳስ ልጅ ላሳደገ ክለብ የሚከፍልበት መንገድ አለው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንጠቀምበትም። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በውሉ መካከል ወደ ውጭ ሀገር ክለብ ሲሸጥ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ልጁ ከ14 እስከ 18 ዓመቱ አንድ ክለብ ውስጥ ቆይቶ በኋላ በ500,000 ዶላር ቢሸጥ ያ ክለብ 2 በመቶ፣ ማለትም 10,000 ዶላር ያገኛል። ሻጩ ሌላ ክለብ ቢሆንም ያገኛል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ከግብፅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ቢሸጥም እስከ ሕይወቱ የመጨረሻ ዝውውር ድረስ ድርሻው አለ። ከዚህ የተለየ የሥልጠና ካሳ የሚባልም አለ፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮፌሽናል ሆኖ ወደ ሌላ ሀገር ሲመዘገብ፣ ከዚያም 23 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወደ ሌላ ሀገር በተዛወረ ቁጥር የሚከፈል። በፈረንጆች ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ፊፋ ክፍያውን በራሱ የሒሳብ ማጣሪያ ተቋም በኩል እያሰላ ያከፋፍላል።

ተቋሙ የሚያሰላው ግን ባለው ወረቀት ነው። የተጫዋቹ ፓስፖርት የሚባለው መዝገብ ልጁ በየትኛው ዓመት የየትኛው ክለብ ተመዝጋቢ እንደነበር ያሳያል። ፌዴሬሽኑ ዘንድ ያልተመዘገበ ዓመት እንዳልነበረ ይቆጠራል። በሥራዬ የማውቀው አንድ ጉዳይ አለ፤ የክለቡን ስም አልጠቅስም። ልጁን ከታዳጊነቱ ጀምሮ አሳድጎ ለዋናው ቡድን አብቅቷል፤ ልጁ ኋላ ወደ ውጭ ሄደ። ድርሻው ሲጠየቅ የክለቡ ቢሮ ያወጣው አንድ ካርቶን ክላሰር ነበር። ውስጡ የልጁ ጉርድ ፎቶ፣ የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ውጤት። ቀን የተጻፈበት ቦታ ባዶ ነው። ማኅተም የለውም። ወደ ፌዴሬሽን የተላከበት ደብዳቤም የለም። በመዝገቡ ላይ ልጁ የተወለደው ለዋናው ቡድን የፈረመ ዕለት ይመስላል። ያሳደጉት አሰልጣኝ ጃን ሜዳ ላይ በጠዋት ጤዛ ያሠሩትን ሥራ የሚመሰክር አንድ መስመር አልተገኘም። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ውስጤ ይቃጠላል፤ ገንዘቡ ለሚቀጥሉት ልጆች ኳስና ጫማ ይሆን ነበር።

ሌላው ቀዳዳ የውል ርዝመት ነው። 5 በመቶው የሚታሰበው ከዝውውር ዋጋ ላይ ስለሆነ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች በነጻ ሲሄድ የሚካፈል ነገር የለም። እኛ ጋ ደግሞ የአንድና የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ነው። ልጁ አንድ ጥሩ ዓመት ያሳልፋል፣ ውሉ ያልቃል፣ መልቀቂያውን ይዞ የተሻለ የፊርማ ገንዘብ ወደሚሰጠው ይሄዳል። ለዚህ ልጁን «ከሃዲ» ማለት ተገቢ አይደለም፤ ቤተሰብ አለበት፣ የኳስ ዕድሜም አጭር ነው። ጥፋቱ ሳይረፍድ ውሉን ያላራዘመው አስተዳደር ነው።

በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ፊፋ በፈረንጆች ከ2009ኙ የናይጄሪያ ዋንጫ ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እየመረመረ ነው፤ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። 21 ዓመት የሞላውን ልጅ 17 ነው ብሎ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ የዛሬውን የታዳጊዎች ዋንጫ ይወስድ ይሆናል። የእውነተኛውን የ16 ዓመት ልጅ ቦታ ግን ዘግቷል፤ «ታዳጊው» ዋናው ቡድን ሲደርስ ደግሞ ማደግ ያለበትን አድጎ ጨርሷል። የልደት ምስክር ወረቀትና የፋይዳ ቁጥር ሳይያያዝ ማንም ልጅ መመዝገብ የለበትም። ይህ ብቻውን ዕድሜን ያጣራል አልልም፤ ምስክር ወረቀቱ ዘግይቶ የወጣ ከሆነ ስህተቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁ በየዓመቱ ዕድሜ እየለዋወጠ እንዳይመዘገብ ግን ይከለክላል።

ስለ መልማዮችም አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ መሀል ከተማው ራሱ የመልማይ ሥራ ይሠራ ነበር። ጃን ሜዳ ቅዳሜ ጠዋት የወጣ ሰው ብዙ የሰፈር ቡድን በአንድ ጊዜ ያያል፤ የፒያሳና የካዛንቺስ ልጆች በየመንደራቸው ሜዳ ይጫወታሉ፣ ወሬው ራሱ ክለብ ቢሮ ይደርሳል። አሁን እነዚያ ሰፈሮች በአብዛኛው ፈርሰዋል፣ ቤተሰቦቹ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ልጆቹ አልጠፉም፤ ያሉት ኮንዶሚኒየም መንደሮች ውስጥ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ተቀምጦ የሚጠብቅ ክለብ አያገኛቸውም። ዲትሮይት ስዊድን ድረስ ሰው ከላከ ቡና ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ሰው መላክ አያቅተውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የድራፍቱን ክርክር ተዉት። በደጋፊዎች ማኅበራችሁ በኩል ክለቡን አጥብቃችሁ የምትጠይቁት ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ እያንዳንዱ ልጅ በየዓመቱ ፌዴሬሽን ዘንድ መመዝገቡን፣ የምዝገባውም ግልባጭ በቢሮው መኖሩን ነው። ቀጥሎ፣ ወደ ዋናው ቡድን የሚያድግ ልጅ ከመጀመሪያ ጨዋታው በፊት የሦስት ዓመት ውል እንዲኖረው፣ ውሉም ከአንድ ዓመት በላይ ሲቀረው እንደገና ድርድር እንዲጀመር ጠይቁ። ለአንድ ዝነኛ ተጫዋች የፊርማ ገንዘብ ከሚወጣው ላይ ተቀንሶ ሁለት ቋሚ መልማዮች ቢቀጠሩ ደግሞ በእኔ እምነት ክለቡ የሚያወጣው ከሁሉ የተሻለ ብር ይሆናል። ከዚህ ዘንድሮ ዋንጫ አትጠብቁ። ፍሬው የሚታየው ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ በየዓመቱ አሰልጣኝ የሚቀይር ክለብ ደግሞ ያንንም አያገኝም።

አንድ ልጅ ብቻውን ቡድን እንደማይሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አቡበከር ናስር በእኛ አቆጣጠር በ2013 የውድድር ዓመት 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር፣ ወደ ፋሲል ከነማ ሄደ። በማግሥቱ ዓመት ልጁ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። ያን ጊዜ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ከእሱ ጀርባ ሦስት ልጆች ተዘጋጅተዋል ወይ የሚለው ነበር።

ወደ ደርቢው። ከጊዮርጊስ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ለሙከራ የሚሆን ጨዋታ አይደለም። አንድ የ18 ዓመት ተከላካይ በመጀመሪያው ደቂቃ ኳስ ቢያበላሽ የሚሰማውን አስቡት፤ የራሱ ደጋፊ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ቀጣዩን ኳስ ወደፊት ለመስጠት ይፈራል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ተጋጣሚ ይህን አይቶ በእሱ በኩል ይመጣል። እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት ተኩል ልጅን ለዓመት ይሰብራል። አሥራ አንዱንም ልጅ ካደረጋችሁ ደግሞ የሚያረጋጋው፣ ቦታ የሚያስይዘው፣ ዳኛውን የሚያናግርለት ታላቅ አጠገቡ የለም። «ብንሸነፍም ለነገ ይጠቅመናል» የሚለው ባፋሎ የሄደበት መንገድ ነው፤ እናንተ ደግሞ በሽንፈቱ የምታገኙት የምርጫ ተራ እንኳ የለም።

ይህ ማለት ልጆቹ ወንበር ላይ ይቀመጡ ማለት አይደለም። በቋሚ 11 ውስጥ ሁለት ቢበዛ በቂ ነው። ስህተት ወዲያው ጎል በማይሆንበት ቦታ፣ በመስመር አጥቂነት ወይም በፊት አማካይነት፣ ከኋላቸው የደርቢ ልምድ ያለው ተመላላሽ ተቀምጦ። የመሀል ተከላካይና ግብ ጠባቂ ቦታ ላይ ግን ከሌላ ጨዋታ የተፈተነ ካልሆነ አላሰልፍም። አምስት ቅያሪ ስለተፈቀደ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ሌሎች ሁለት ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ተጋጣሚው ደክሟል፣ የሮጠ ልጅ ልዩነት ያመጣል። ከተስፋ ቡድን ወደ ዋናው ቡድን ሲመጡ የሩጫው መጠንና የግጭቱ ኃይል በአንዴ ስለሚጨምር ከዚያ በፊት ቢያንስ በሁለት ቀለል ያሉ የሊግ ጨዋታዎች ተቀይረው መግባት አለባቸው። ጨዋታዎቹ ተቀራርበው በሚደረጉበት ጊዜ ለዚህ የሚሆን ዕድል አይጠፋም። ከናንተም የሚጠበቅ ነገር አለ፦ ልጁ ኳስ ሲያበላሽ ስሙን ጠርታችሁ አበረታቱት። ሜዳ ላይ ያለ ልጅ ይህን ይሰማል።

ከሁሉ በላይ አንድ ጥንቃቄ። ውል ያልፈረመን ልጅ በደርቢ አታሳዩ። ሀገር በሙሉ የሚያየው ጨዋታ ነው። ጥሩ ከተጫወተ በዚያው ምሽት ስልኩ ይጮኻል፣ በማግሥቱ ደላላው ሆቴሉ በር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትደራደሩት በእሱ ዋጋ ነው። አሰልጣኙ ልጁን ለደርቢ አስቦት ከሆነ ውሉ በዚያ ሳምንት ይፈረም፣ ወላጅ ቁጭ ብሎ ያንብበው፣ ፌዴሬሽን ዘንድ ይመዝገብ። 18 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ፊፋ ከሦስት ዓመት በላይ ያለውን ውል ስለማይቀበል አምስት ዓመት አስፈርመናል ብሎ መኩራራት ዋጋ የለውም። ሦስቱን ዓመት በትክክል ያዙ፤ 18 በሞላው ሳምንት አዲሱን ውል ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ።